የጊንጪው ረዳት የመጣበት ዓመት

ጥር 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

የኪነት ቡድናችን መኪና አዲስ ዓለም ላይ ተሰበረችና በሕዝብ አውቶቡስ ወደ አምቦ ተመለስን። ከበሮው ጣሪያ ላይ ተጫነ፤ አኮርዲዮኑን እኔ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ባይኖር ኖሮ የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን ነው፤ ድምፁ ግን የሰውነቱን እጥፍ ያህላል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆርቆሮውን በመዳፉ እየመታ፦

ጊንጪ ወራጅ ካለ ከአሁኑ ይጠጋ፣
ዶሮ የያዘ ሰው አፏን ይዞ ይዝጋ፣
ሾፌሩ ሳይቆም በር አይዘረጋ፣
ጠጅ የጠጣ ሰው መስኮት ጋ፣ መስኮት ጋ!

ሰዉ በሳቅ ሞተ። ዜማ የለውም፤ ዘፈን አልለውም። ወሬም አይደለም። ሰው በተሳፈረ ቁጥር ስለዚያ ሰው አዲስ ይጨምራል፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። እኔን ሲያየኝ «አኮርዲዮን ያቀፉት ጋሼ፣ ልጁ እንዳይነቃ ቀስ!» አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ተቀባያችን ዘርትሁን እንኳ ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

ጊታር የሚመታልን ሞሲሳ አምቦ ስንወርድ ስሙን ጠየቀው። ኤጄታ ፈዬራ ይባላል፤ የጊንጪ ልጅ ነው። «ይህን ልጅ መድረክ ላይ አስበው» አለኝ ሞሲሳ።

«መድረክና የአውቶቡስ በር ይለያያል» አልኩት።

ጥር 15

መጣ። ሞሲሳ ጠርቶት ነው፤ ልምምድ ቤት ገብቶ ጥግ ላይ ቆመ፤ ተቀመጥ እስኪሉት።

ሞሲሳ ዘመዱ ያመጣለት አንድ ካሴት አለው። ጥቁር አሜሪካኖች ናቸው። አይዘፍኑም፤ በከበሮ ላይ ይናገራሉ፤ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ተቆጣ ሰው። ለኤጄታ ከፈተለት። ልጁ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ እንግሊዝኛውን አይሰማም። ራሱን እየነቀነቀ አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ይሄማ አባቴ ሠርግ ቤት የሚለው ገራርሳ ነው። ጀግናው ራሱን ሲያወድስ፣ ጠላቱን ሲሳደብ። ከበሮው ብቻ ነው የቸኮለው» አለ።

ሞሲሳ በጊታሩ ወፍራም ክር አንድ ነገር እየደጋገመ መታለት። ኤጄታ ዓይኑን ጨፈነና ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ወረቀት የለ፣ ምን የለ። ስለ ሆለታ ድንች፣ ስለ አዲስ ዓለም ቁልቁለት፣ ስለ አንዲት የጉደር ሴትዮ አልታጠፍ ስላለ ጥላ። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። የረሱት ይመስለኛል።

«ግጥሙን ጽፈህ አምጣ። ሳይጻፍ አይፈቀድም» አልኩት።

«ቲቸር፣ ስጽፈው ይሞትብኛል» አለኝ፤ አስተማሪ መሆኔን ሞሲሳ ነግሮታል።

ገጣሚ እንዲህ አይልም። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህ ቡድን ያቀረበው መዝሙር ሁሉ በኔ እጅ ተጽፎ፣ በኔ እጅ ተገልብጦ፣ በሦስት ቅጂ ለፈቃድ የገባ ነው።

ጥር 24

ኃላፊያችን አቶ በድሉ ወሰነ። ኤጄታ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ።

እንግዲህ ጸሐፊው ሆንኩ።

ጥር 26

መጀመሪያው ቀን። ሲናገር አልደርስበትም። «ቀስ በል» ስለው መልሶ ሲናገረው ሌላ ነው። ሁለቱም ደግሞ ጥሩ። (መጀመሪያ የሰማሁት «ዝናብ ሳይጠራ መጥቶ ሳይሰናበት ሄደ» ነበር፤ ሁለተኛው ጠፋኝ። ስሄድ መንገድ ላይ ሁሉ ስፈልገው ነበር።)

ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። «ሀ»ን እና «ኀ»ን ሳሳየው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ይሰማኛል። «ገለቶሚ ቲቸር» ብሎ ሄደ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ይህን መጻፍ ይገባል።

የካቲት 7

ትናንት በከተማው አዳራሽ። እኔ ግጥሜን «የአንድነት ችቦ»ን አቀረብኩ፤ ስምንት ደቂቃ፤ ጭብጨባው መልካም ነበር። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ኤጄታ።

ሁለት መስመር ሳይጨርስ ከኋላ ያሉት ተነሡ። ሦስተኛው ላይ መሐል ያሉት። የአውቶቡሱን ጥሪ ሲጀምር አዳራሹ በሙሉ «መስኮት ጋ፣ መስኮት ጋ!» ይል ነበር። ሦስት ጊዜ መለሱት። አቶ በድሉ ራሱ፣ ያ በስብሰባ እንኳ የማይስቅ ሰው፣ በእስክሪብቶው ጠረጴዛ ይመታ ነበር።

ከመድረክ ሲወርድ በላብ ርሶ ወደኔ መጣ። «ቲቸር፣ አልተሳሳትኩም?» አለኝ።

«አንድ ቦታ ቤት አልመታህም» አልኩት።

ደነገጠ። የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገ አሳይሃለሁ አልኩት። የትም አልነበረም።

የካቲት 11

ክፍል ውስጥ። ስለ ቅኔ እያስተማርኩ ከኋላ ወንበር ቆርቆሮ የሚመታ ድምፅ። «መስኮት ጋ» አለ አንዱ ቀስ ብሎ። ክፍሉ ፈነዳ። አባረርኩት። ያባረርኩት ጎበዝ ተማሪዬን ነው።

የካቲት 15

ዕቃ ቤት ገብቼ የመጋረጃ ገመድ ስፈልግ ሞሲሳና ዘርትሁን ልምምድ ቤቱ ውስጥ ስለ ኤጄታ ግጥም ያወሩ ነበር። ዘርትሁን ጤና ጣቢያ የምትሠራ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ በመርፌና በአልኮል ሽታዋ ቀጥታ ልምምድ ትመጣለች። አራት ዓመት ሙሉ ተቀባይ ሆና ስትዘፍን፣ ለድምፅዋ የሚስማማ ቃል እየመረጥኩ ጽፌላታለሁ። ይህን አታውቅም። መናገር አያስፈልግም።

ሞሲሳ «የሥዩምስ?» አላት፤ የኔን ማለቱ ነው።

እሷ፦ «የሥዩም ግጥም እኮ ደብዳቤ ነው። ቁጥርና ማኅተም ብቻ ነው የሚቀረው።»

ገመዱን አላገኘሁም።

ስለ ግጥም የምታውቀው ምን አለ? ጤና ረዳት ናት።

የካቲት 22

ከሐሮ ወንጪ ሐይቅ ተመለስን። በዓል ነበረ። ቁልቁለቱን በእግር፣ ዕቃው በበቅሎ። ለገበሬዎቹ «የአንድነት ችቦ»ን ሳቀርብ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ ዕድሜ ነው። ኤጄታ ሲነሣ በኦሮምኛ ብቻ ተናገረ። በሬውን ስለ ሸጠ ሰው ነው። በሬው ገበያ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ባለቤቱን ሲፈልግ። ሴቶቹ እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። አንዲት አሮጊት መጥተው ግንባሩን ሳሙት።

ከዚያ ጀልባ። አንዷ ጀልባ ስድስት ሰው ነው የምትይዘው። መጀመሪያ እነ ዘርትሁን፣ ኤጄታ፣ ሞሲሳ ገቡ። እኔ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አልኩ። ማንም «አይ፣ ና» አላለኝም።

ውሃ ላይ ሳቅ ሩቅ ይሄዳል። የሷን ሳቅ እለያለሁ። ሐይቁ መሐል ቆመው ነበር፤ ኤጄታ የጀልባውን እንጨት እየመታ አንድ ነገር ይላታል። አንድም ቃል አልሰማሁም። ሰዓቴን አየሁ። ሃምሳ ደቂቃ ቆዩ።

ቅናት አይደለም። ቅናት እኩያ ላይ ነው። የሱ ነገር የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ተሰጥኦ ያለ ትምህርት ወዴት ይሄዳል የሚል።

የካቲት 29

ዛሬ ከሱ ጋር ስንጽፍ፣ አራት መስመር አልመጣለት ብሎ ተቸገረ። እኔ አንድ ሐሳብ ሰጠሁት፤ ተቀበለው። ተናገረው። ከኔ አፍ ሲወጣ ተራ ነበር። ከሱ አፍ ሲወጣ አበራ።

የኔ ነው። ማንም አያውቅም ግን የኔ ነው።

መጋቢት 9

ከአዲስ አበባ ሬዲዮ ደብዳቤ መጣ። ከየአውራጃው አንድ ሥራ ተመርጦ ይቀረጻል። አንድ ብቻ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ደብዳቤ ነው።

አቶ በድሉ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «የኤጄታ አውቶቡስ ነው የሚሄደው። የሚከራከር አለ?» አለ።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም። እንዲያውም መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 12

ጽሑፉ ለፈቃድ ከነትርጉሙ እስከ ዓርብ እንዲገባ ታዘዝኩ። ኤጄታን «አብረን እንየው?» ስለው «ቲቸር፣ አንተ ካየኸው በቃ» አለኝ። ሥራውን ለቅቆ ነው የመጣው፤ ባለ አውቶቡሱ ሌላ ረዳት ቀጥሯል። ቡድኑ በአባልነት መዝግቦታል። አሁን ሙሉ ቀን ልምምድ ቤት ነው።

የአማርኛው ክፍል ችግር የለውም። ኦሮምኛው ውስጥ፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ሰው ሲጋፋ፣ እንዲህ የሚል አለ፦

ከን ታኤ ሂንካኡ፣ ከን ዻበቴ ሂንታኡ።

የተቀመጠ አይነሣም፣ የቆመ አይቀመጥም። ይኸው ነው። በየቀኑ አውቶቡስ ውስጥ የምናየው።

ታዲያ ሰው እዚህ ቦታ ሲደርስ ለምን እንደዚያ ይስቃል?

መጋቢት 13

አንደኛ፦ መቀመጫ ያገኘ ተሳፋሪ አይነሣም። (ረዘመ።)

ሁለተኛ፦ የተቀመጠ አይነሣም። (ባዶ ነው።)

ሦስተኛ፦ ወንበር የያዘ አይነሣም።

ሦስተኛው ክብደት አለው። መተርጎም መንፈስን ማሻገር ነው፤ ለተማሪዎቼም የምለው ይህንኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘርትሁን ሹራብ አምጥታለት ነበር። ራሷ የሠራችው። አረንጓዴ። እጅጌው ረዝሞበት ሁለቱም እየሳቁ አጠፉት።

መጋቢት 14

ሦስተኛውን አስገባሁ።

መጋቢት 20

ተጠራሁ። የጠራኝ ጽሑፎቹን ለፈቃድ የሚያነብ ሰው ነው፤ መነጽር ያለው፣ ትሑት። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ «ጓድ ሥዩም፣ ‹ወንበር› ያለው ምን ማለቱ ነው?» አለኝ።

መልስ መስጠት እችል ነበር። አውቶቡስ ነው ብል በቃ ነበር።

«እኔ ተርጓሚ ነኝ። የደራሲውን ልብ አላውቅም» አልኩ።

እውነት ነው። የሰው ልብ ማን ያውቃል?

መጋቢት 22

ኤጄታ ከልምምድ ተጠርቶ ሄደ።

መጋቢት 23

አልተመለሰም።

መጋቢት 24

አልተመለሰም። ዘርትሁን ሦስት ጊዜ «ሰምተሃል?» አለችኝ። አልሰማሁም። ከሰሜን መልካም ወሬ የለም፤ ባለሥልጣኑ ሁሉ ቁጡ ሆኗል። ለዚህ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ መስመር ማን ልብ ይለው ነበር?

መጋቢት 26

ተለቀቀ። ፊቱ አብጧል። «በሩ መታኝ» ይላል። ከቡድኑ እንዲሰናበት ታዟል። ልምምድ ቤት ገብቶ ለእያንዳንዳችን እጅ ነሣ። እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ቲቸር፣ ወንበር ወንበር ይሉኛል። እኔ የቱ ጋ ነው ወንበር ያልኩት?» አለኝ።

በሁሉም ፊት ነበር። «ትርጉም አስቸጋሪ ነገር ነው» አልኩት።

አቶ በድሉ ወደ ጥግ ወስዶኝ የሬዲዮው ተራ ለ«የአንድነት ችቦ» እንደ ተሰጠ ነገረኝ። «ጥሩ ዓይን አለህ። ሳይተላለፍ ደረስክበት፤ እኔንም አዳንከኝ» አለ።

መጋቢት 29

ሞሲሳ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ሥዩሜ፣ እኔ ኦሮምኛን ከጡት ጋር ነው የጠጣሁት። ‹ታኤ› ውስጥ ወንበር የት አለ?»

«የመንፈስ ትርጉም ነው።»

«የማን መንፈስ?»

ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ተመልሶ ይመጣል።

ሚያዝያ 12

አዲስ አበባ ሄጄ ቀረጽኩ። ክፍሉ በስፖንጅ የተሸፈነ ነው፤ የራስን ድምፅ ይውጣል። ቴክኒሻኑ ከመስተዋቱ ወዲያ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ሞሲሳ አመመኝ ብሎ ስለ ቀረ የነሱ ሰው ጊታር መታልኝ። ዘርትሁን ተቀበለችኝ፤ ቃሉን ሁሉ በትክክል። ስንመለስ ጊንጪ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዳ ተሰወረች፤ ሊነሣ ሲል ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። የት እንደ ሄደች አልጠየቅኋትም።

ሚያዝያ 19

የኤጄታ እናት አዴ ጉዴ ትምህርት ቤት መጣች። ከጊንጪ በጭነት መኪና ነው የመጣችው። አይቻት አላውቅም፤ ግን ድምፅዋን ስሰማ አወቅኋት። እንደ ልጇ ነው፤ ከሰውነት የሚተልቅ።

ቀበሌው ኤጄታን ለብሔራዊ ውትድርና ጽፎታል። የኪነት አባላት በደብዳቤ ይታለፋሉ። «አንድ ወረቀት ብቻ ጻፍልኝ፤ በአባልነት አለ ብለህ» አለች። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «ልጄ ስላንተ ነው የሚያወራው። ቲቸር አለ፣ ቲቸር አስተካከለልኝ ይላል።»

የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነኝ። አቶ በድሉ ለስብሰባ ሄዷል።

«ማኅተሙ አቶ በድሉ ጋ ነው። ሰኞ ይመለሳል» አልኳት።

መረቀችኝ። በኦሮምኛ፣ ረጅም ምርቃት። ቆሜ ተቀበልኩ።

ሚያዝያ 20

ማኅተሙ ሁለት ነው። አንዱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

የተሰናበተን ሰው «አባል ነው» ብሎ መጻፍ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

ሚያዝያ 22

ማስተማር አልቻልኩም። ልጆቹን ጻፉ ብዬ መስኮት ላይ ቆምኩ።

ሚያዝያ 23

ጻፍኩት። ማኅተም አደረግሁበት። በመጀመሪያው አውቶቡስ ጊንጪ ወረድኩ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ አንድ ዘበኛ ብቻ ነበር።

«ትናንት ሄዱ። በሁለት ካሚዮን» አለኝ።

ደብዳቤውን አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙን አይቶ ግን ተነሥቶ ቆመ።

አዴ ጉዴ ቤት አልሄድኩም።

ግንቦት 6

በሬዲዮ ተላለፈ። ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ስሜ ተጠራ፦ ሥዩም ጉግሳ፣ ከአምቦ። ቡና ቤት ሄጄ ነው የሰማሁት፤ ሰው እያለ ይሻላል ብዬ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንዱ «እስቲ ሌላ ጣቢያ ፈልግ» አለ። የቡና ቤቱ እመቤት አዞረችው።

ሰባት ዓመት።

ግንቦት 14

ዘርትሁን ከቡድኑ ወጣች። የሥራ ጫና ነው ብላ በደብዳቤ። ቁጥር አለው፤ ማኅተምም አለው።

ሰኔ 3

ዛሬ ብዙ መጻፍ አለብኝ።

ትናንት አዴ ጉዴ ሰው ላከችብኝ፤ ከልጇ ደብዳቤ መጥቷል፣ የሚያነብ ጎረቤት አለ፣ እሷ ግን ቲቸር ያንብብልኝ ብላለች። ልጁ ራሱ ፖስታው ላይ «ቲቸር ሥዩም ቢያነብላት» ብሎ ጽፏል። በዚያ በአንደኛ ክፍል ፊደል። ደብዳቤው ውስጥ «ኀ»ን በቦታዋ አስገብቷታል።

ጠዋት ሄድኩ። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ ስደርስ አዴ ጉዴ «ኮቱ፣ ታኢ» አለችኝ።

ና፣ ተቀመጥ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ደብዳቤውን አነበብኩ። ደኅና ነኝ ይላል። ምግቡ ይበቃል፣ ብርዱ ይከፋል፣ አረንጓዴው ሹራብ ከልብሱ ሥር አለ። ከዚያ፣ ማታ ማታ ልጆቹ ጆሮ ሰጥተው የሚያዳምጡት ነገር አለ፤ ቲቸር ይየውና ያርምልኝ ይላል፦

ግራ ሲሉኝ ግራ፣ ቀኝ ሲሉኝ ግራ ገባኝ፣
ጫማው ሰፍቶ ሰፍቶ ቀድሞ ቤት አስገባኝ፣
እማማ ስትጠሪኝ በስሜ ነበረ፣
አሁን ቁጥር ሆንኩኝ፣ ስሜ የት አደረ?

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ያስወሰድኩት ልጅ ከማሠልጠኛ የላከውን ለእናቱ እያነበብኩ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። «ስሜ የት አደረ» የሚለውን እኔ በዕድሜዬ አልጽፈውም። ይህ ነው የተሰማኝ።

አዴ ጉዴ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። በጉልበቷ ላይ በመዳፏ ምቱን ያዘች፤ ጎረቤቶች በር ላይ ተሰበሰቡ። «እንደሱ አድርገህ በለው» አለች። እንደሱ አልኩት። ጫማው ላይ ስደርስ ሳቁ። አንድ ሰውዬ «አንተም ትችላለህ ለካ!» አለኝ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ደስ አለኝ።

ጎረቤቶቹ ሲሄዱ ነገርኳት። ስለ ትርጉሙ። ስለ ማኅተሙ። ኦሮምኛዬ ተንተባተበ፤ ከዚያ በፊት በኦሮምኛ ቃል አጥሮኝ አያውቅም ነበር።

አልጮኸችም፤ ትጮኻለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ስንት ቃል ነው የለወጥከው?» አለች።

«አንድ።»

«አንድ ቃል።» በጣቷ አሳየችኝ፤ አንድ ጣት። «በአንድ ቃል ከሄደ፣ በአንድ ቃል መልሰው።»

እንደዚያ አይሆንም ልላት አልኩ። መንግሥት ነው፣ ጦር ነው ልል። ጣቷ እንደ ተቀሰረ ነው። ደብዳቤውን አጣጥፋ ከእጄ ወሰደች። «ያልተማርኩ ነኝ። አንተ ግን ተምረሃል። ጻፍ» አለች።

ሰኔ 5

ጻፍኩ። በሦስት ቅጂ።

«በመጋቢት 14 ቀን 1980 ዓ.ም. ያቀረብኩት ትርጉም ስህተት ነው። ደራሲው ‹የተቀመጠ› እንጂ ‹ወንበር የያዘ› አላለም። ነገሩ ስለ አውቶቡስ ነው። ስህተቱ የደራሲው ሳይሆን የእኔ ነው፤ የሠራሁትም አውቄ ነው።»

«አውቄ ነው» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። አራተኛውን ተውኩት።

አቶ በድሉ አነበበና በሩን ዘጋ። «አብደሃል? ይህን ከፈረምክ እኔም አላድንህም።»

«ፈርሜያለሁ» አልኩት። ፊርማውን ከታች አላየውም ነበር።

ሰኔ 19

መነጽር ያለው ሰውዬ ጠራኝ። ዛሬም ትሑት ነው። ሦስት ሰዓት አስቀመጠኝ። ማንም አልመታኝም። «ለምን አሁን?» ይላል ደጋግሞ። ስለ ኤጄታ ስጠይቀው፣ «የተመለመለ ሰው በግጥም አይመለስም» አለኝ። ቅጂውን ግን ፋይል ውስጥ አስገባው። በልጁ ስም ላይ የተጻፈው ነገር ቢያንስ ይሰረዛል አለ። ይሰረዝ አይሰረዝ አላውቅም።

ሰኔ 27

ከኪነት ቡድኑ ታገድኩ። ወደ እንጭኒ ተዛውሬያለሁ፤ አንደኛ ደረጃ። ሞሲሳ ዕቃዬን ሲያስር መጥቶ ረዳኝ። ካሴቱን ሰጥቶኝ ነበር፤ «ለኤጄታ አስቀምጥለት፤ ለኔ አይገባም» ብዬ መለስኩለት።

ሐምሌ 2

ጊንጪ ነበርኩ። ሁለተኛ ደብዳቤ መጥቷል። አነበብኩላት። ወደ ሰሜን ተሻግሯል። ቦታውን አይናገርም። ግጥም የለበትም። አዴ ጉዴ ሁለት ጊዜ ገልብጣ ወረቀቱን አየች፤ የተረፈ ነገር እንዳለ። መልሱን በቃሏ ነገረችኝ፣ ጻፍኩላት፤ አንድም ቃል አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እንድመጣ አዘዘችኝ። «እስኪመለስ የኔ ጸሐፊ አንተ ነህ» አለች። ከእንጭኒ ሩቅ ነው። እመጣለሁ አልኳት።

ሐምሌ 6

ዛሬ ተነሣሁ። አውቶቡስ ጣቢያ ዘርትሁን መጣች። ከጤና ጣቢያ ነው የመጣችው፤ ጋውኗን አላወለቀችም። ሰላም አላለችኝም።

«ደብዳቤውን የጻፍከው ለሱ ነው ወይስ እኔ እንድሰማ?»

«ለሁለቱም ይመስለኛል» አልኳት።

ዓይኗን ከዓይኔ አላነሣችም። እንደምትሄድ መስሎኝ ነበር።

«ለምን ነው ያደረግከው?» አለች። «ሞሲሳ ስለ ሬዲዮው ነው ይላል። አቶ በድሉ ለሥልጣን ብሎ ነው ይላል። አንተ ንገረኝ።»

በዚህ ደብተር ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ያልሰጠሁት መልስ የለም። ሥነ ጽሑፍ ብያለሁ፣ መንፈስ ብያለሁ፣ ሕግ ብያለሁ።

«ቀንቼበት ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማ።

ዘርትሁን ራሷን ነቀነቀች።

«እሱንማ ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለች። «ኤጄታም ያውቅ ነበር። ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ገባሁና ተቀመጥኩ።